አራተኛዋ ሰረዝ

በቤታችን ጓዳ፣ ከእናቴ የበርበሬ ማስቀመጫ ጎን፣ ክዳኑ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። አባቴ በረጅሙ የሬዲዮ ጥገና ዘመናቸው ከተበላሹ ዕቃዎች እየነቀሉ ያጠራቀሟቸው ጥቃቅን ነገሮች ሁሉ እዚያ ውስጥ ታጭቀዋል፤ ሬዚስተር፣ ካፓሲተር፣ እግራቸው የተንጋደደ ትራንዚስተሮች፣ በየወገናቸው በክር የታሰሩ ጥቁር አይሲዎች። ልጅ ሳለሁ ያ ቆርቆሮ መጫወቻዬ ነበር። ሠላሳ አምስተኛ ዓመቴን ካለፍኩ በኋላ ግን ሌት ከቀን የማስበው ጉዳይ ሆነ፤ የምፈልጋት አንዲት አይሲ በውስጡ አልነበረችምና።

እንዲህ ብዬ ስጀምር «ይህ ሰው ግጥሙን ትቶ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆነ እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሠኝ። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀን የብድር ማመልከቻ እመረምራለሁ፣ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ስለ ኤሌክትሮኒክስ የማውቀው አብዛኛው ከአባቴ እግር ሥር ተቀምጬ የቃረምኩት ነው። አሁን የማወጋችሁም ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ጥፍር ስለምታህል አንዲት አይሲ ምርጫና ስለ አባቴ ጆሮ።

አባቴ በ1968 ዓ.ም. ጦር ሠራዊቱን ተቀላቅለው በመገናኛ ክፍል የሞርስ ኦፕሬተር ሆኑ። ዐሥራ አምስት ዓመት በጆሮአቸው ኖሩ ማለት ይቻላል። አምስት አምስት እየሆኑ በነጥብና በሰረዝ የሚመጡ ቁጥሮችን፣ ትርጉማቸውን ሳያውቁ፣ ከመብረቅና ከሌላ ጣቢያ ጩኸት ለይተው ይጽፉ ነበር። ሰረዝ የነጥብ ሦስት እጥፍ ነው። ከዚህ በቀር ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱም አንድ ድምፅ ናቸው፣ የሚለያቸው ቆይታ ብቻ ነው። በልጅነቴ ይህን ሲያስረዱኝ «ገና» የሚለውን ቃል ምሳሌ አድርገውልኝ ነበር። ላልቶ ሲነበብ ነገሩ አልደረሰም፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ስለ መጥበቅና መላላት ብዙ መምህራን አስተምረውኛል፤ እንደ እሳቸው ያስገባኝ ግን የለም።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ጦሩ ተበተነ። አባቴ ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና አቋርጠው አዲስ አበባ ገቡና ጉለሌ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሬዲዮ መጠገን ጀመሩ። የሰው ሬዲዮ ጠገኑ እንጂ ሞርስ ዳግመኛ አልሰሙም። ስለዚያ ግንቦት የነገሩኝ በጠቅላላው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ስጠራ ዋልኩ፣ የሚመልስ ጣቢያ ጠፋ።» ከዚህ አልፌ ጠይቄ አላውቅም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ አባቴ የስልክ ጥሪ መስማት እንዳቆሙ አስተዋልን። ሐኪሙ ጆሮአቸውን መርምሮ በወረቀት ላይ ያሳየን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ገደል ይወርዳል። ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ሄዷል፤ ወፍራሙ ለጊዜው አለ። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ብቻዬን ይዤ ወጣሁ፤ አባቴ አልሰሟትም፣ እኔም አልደገምኩላቸውም።

የሞርስ ድምፅ ግን አድማጩ በፈለገው ውፍረት ሊያስተካክለው የሚችል ነገር ነው። 600 ኸርዝ ላይ ካደረግነው ከገደሉ ወዲህ ማዶ፣ አባቴ ደህና አድርገው በሚሰሙበት ሜዳ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ያ «ለጊዜው» ሳያልቅ አንድ መቀበያ ልሠራላቸው ወሰንኩ። ማሰራጨት ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔ የምመኘው መስማት ብቻ ነበር።

ምን እንደማሰማቸውም አውቅ ነበር። በ14.100 ሜጋ ኸርዝ ላይ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች በዓለም ዙሪያ የዘረጉት የምልክት ጣቢያዎች ሰንሰለት አለ። ለዐሥራ ስምንት ጣቢያዎች ተራ ተመድቧል፤ እያንዳንዱ ዐሥር ሰከንድ ይሰጠዋል፣ በሦስት ደቂቃው ተራው ተመልሶ ይደርሰዋል። የሚለውም ይኸው ነው፤ መጠሪያውን በሞርስ ይመታል፣ ከዚያ እያንዳንዳቸው አንድ ሰከንድ የሚቆዩ አራት ሰረዞች ያሰማል። የመጀመሪያዋ በ100 ዋት፣ ሁለተኛዋ በ10፣ ሦስተኛዋ በ1፣ አራተኛዋ በአንድ ዋት አንድ ዐሥረኛ። አድማጩ የስንተኛዋን ሰረዝ ድምፅ እንደሰማ ቆጥሮ የሰማዩን ሁኔታ ይገምታል። እነዚህ ጣቢያዎች ማንም እንዲመልስላቸው አይጠብቁም።

አሁን ወደ አይሲዋ ልመለስ። እጅግ ቀላሉን መቀበያ የሠራ ሰው እያንዳንዱን ጣቢያ ሁለት ቦታ ላይ ይሰማዋል፤ አንድ ጊዜ ከትክክለኛው ቦታ በላይ፣ አንድ ጊዜ በታች። ለደካማ ጆሮ ይህ ግርግር ነው። አንዱን ለማጥፋት ከሚታወቁት መንገዶች አንዱ የሚመጣውን ሞገድ አራት ቦታ ከፍሎ፣ እያንዳንዷን ሩብ ለየራሷ ካፓሲተር በየተራ ማደል ነው። በእኛ ቅርንጫፍ አራት መስኮቶች አሉ። አንዱ ሲከፈት ሦስቱ ተዘግተው፣ ወረፋው ሳይዛነፍ ቢዞር እንደማለት ነው። መስኮቶቹን የምትከፍትና የምትዘጋው ኤፍኤስቲ3253 የምትባል ፈጣን አይሲ ናት። የትኛው መቼ እንደሚከፈት የምትነግራት ግን ሌላ ናት፤ የታክሲ ተራ አስከባሪ በሏት። የእኔም ጭንቀት ይህችን ተራ አስከባሪ መምረጥ ነበር።

በ14.1 ሜጋ ኸርዝ የአንድ ሞገድ ዕድሜ 71 ናኖ ሰከንድ ያህል ነው፤ ናኖ ሰከንድ ማለት የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ መስኮት የሚደርሰው 17.7 ናኖ ሰከንድ ይሆናል። ተራ አስከባሪዋ እንግዲህ በየ17.7 ናኖ ሰከንዱ አንድ ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 56.4 ሚሊዮን ጊዜ መቀስቀስ አለባት። (አሁን አሁን የፍሪኩዌንሲ ማመንጫዋ ራሷ በፕሮግራም ብቻ ይህን ሥራ ልትሠራ እንደምትችል፣ ተራ አስከባሪም እንደማያስፈልግ የሚነግረኝ አዋቂ አይጠፋም። እውነቱን ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ግን ሁሉን በይጄ ከጨረስኩ በኋላ ነው።)

ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው የሎጂክ አይሲዎች ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የመጣ ነው። የእኔዋ ተራ አስከባሪ መጨረሻዋም 74 ነው፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የሚገባው ፊደል ነው ነገሩን ሁሉ የሚለውጠው። እግራቸው ዐሥራ አራት፣ ሥራቸው አንድ፣ ፍጥነታቸውና ጠባያቸው ግን የአንድ ቤት ልጆች ጠባይ የሚለያየውን ያህል ይለያያል። በአባቴ ቆርቆሮ ውስጥ የነበሩት ኤልኤስ የተባሉት ናቸው፤ በሰከንድ 25 ሚሊዮን ምት ድረስ ዋስትና የተሰጣቸው፣ ለዘመናቸው ደህና፣ ለእኔ ጉዳይ የማይሆኑ። ዱባይ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ስትመጣ ከእነሱ ወዲህ የተወለደችውን 74ኤችሲ74 ይዛልኝ መጣች።

የኤችሲን የመረጃ ወረቀት አነበብኩ። እዚህ ላይ በራሴ አፍራለሁ። እንዲህ ያለው ወረቀት ዝቅተኛ፣ የተለመደና ከፍተኛ የሚሉ ዓምዶች አሉት። በክፍል ሙቀት፣ በ4.5 ቮልት፣ ዝቅተኛው ፍጥነት 30 ሜጋ ኸርዝ ይላል፤ የተለመደው ግን ከ70 በላይ ነው። ከእኔ 56.4 አንዱ በታች ሌላው በላይ ነው። ብድር ጠያቂ ነጋዴ ስለ ገቢው ሲጠየቅ የሚነግረኝ የደህናውን ወር ነው፤ የእኔ ሥራ የክረምቱን ወር መጠየቅ ነው። «ማስያዣህ ምንድን ነው?» እያልኩ ስንቱን ያስጨነቅሁ ሰው፣ ለራሴ አይሲ ሲሆን በደህናው ወር አበደርኩ።

ጥር 2016 ዓ.ም. አንድ እሑድ ጠዋት ሁሉን ነገር በአሮጌ የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ገጣጥሜ ሞከርኩት። በባሕር ዛፉና በጣሪያው መካከል ዐሥር ሜትር ያህል ሽቦ ዘርግቻለሁ። የጥር ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ማዳመጫውን ባደረግሁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞርስ ሰማሁ፤ ጥርት ያለ፣ በአንድ ቦታ ብቻ። አባቴ ቅዳሴ ሄደው ነበር። እስኪመለሱ ቆርቆሮውን ከደንኩ፣ ጠረጴዛውን ወለወልኩ፣ ወንበር አስጠጋሁ። ደብዳቤ እንደሚያስረክብ ሰው ደስ ብሎኛል።

አባዬ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ መጡ። ነጠላቸውን አጥፈው ወንበሩ ጀርባ ላይ አደረጉ፣ ተቀመጡ፣ ማዳመጫውን አጠለቅሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀኝ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ የሌለ እርሳስ እንደያዘ ሆኖ ቆየ። ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁና እንዳይሰበር የፈሩ ይመስል በሁለት እጃቸው አስቀመጡት።

«አለ አይደል ድምፁ?» አሉኝ። «እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

ነጥቄ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። እንደ ምጣድ ላይ ተልባ የሚንጣጣ ጫጫታ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

«አባዬ፣ እኔም የምሰማው የለም።»

«ተው ልጄ፣ ለማጽናናት ብለህ አትዋሽ።»

በሕይወቴ እውነት ተናግሬ እንደዚያ ቀን ሳልታመን ቀርቼ አላውቅም። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ክዳኑን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ሠላሳ ዓመት ክዳን ሲከፍቱ የኖሩ ሰው ናቸውና እጃቸው ሳይጠየቅ ገባ። አንድ በአንድ በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱ። የኃይል መቆጣጠሪያው ያቃጥላል፤ አጠገቡ ያለችውን ተራ አስከባሪም አሙቋታል፤ ከላያችን ደግሞ የቀትር ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። «ይቺ ሞቃለች» አሉና ከመደርደሪያው የአረቄ ጠርሙስ አወረዱ። ጥጥ ነክረው አይሲዋን ራስ ራሷን ነካ ነካ አደረጓት። አረቄ ሲተን ያቀዘቅዛል። ወዲያው በማዳመጫው ውስጥ ሞርሱ ተመለሰ! ጮኬ ማዳመጫውን ወደ እሳቸው ሳሻግር፣ እሳቸውም አስተካክለው ጆሮአቸው ላይ እስኪያደርጉት አረቄው ደረቀ፣ ድምፁም ሄደ። አልሰሙም። ፊቴን ግን አይተዋል። «እንግዲህ ጥፋቱ የእሷ ነው» አሉ። እንደዚያ ያለ እፎይታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ሒሳብ ሠራሁ። በአይሲዋ ውስጥ ሁለት ፍሊፕ ፍሎፕ የሚባሉ ሞግዚቶች አሉ፤ አንዱ ለሌላው እየነገረ ክብ ይዞራሉ። ኤችሲ ምቱ ከደረሰው በኋላ መልሱን እስኪያወጣ 14 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የሚቀበለው ደግሞ መልሱ ቀድሞ ደርሶ ለጥቂት ናኖ ሰከንድ ረግቶ እንዲጠብቀው ይሻል። ሁለቱ ተደምረው ከ17.7 ማነስ አለባቸው። በብርድ ለጥቂት ይገባል፤ ሙቀት ሲጨምር እንዲህ ያሉ አይሲዎች ይዘገያሉና አይገባም። ኤችሲ ጥፋት የለባትም። ለ7 ሜጋ ኸርዝ ቢሆን ኖሮ 28 ብቻ ስለሚበቃ ዕድሜ ልኳን ታገለግለኝ ነበር። ያልቻለችውን አሸክሜያት ነው።

ከእሷ የሚፈጥኑት ሁለት ዓይነት ነበሩ። ኤፍ የተባለችው በአሮጌ የኮምፒዩተር ቦርዶች ላይ ትገኛለች፤ አንድ ቅዳሜ ከቆራሌው ቦርድ ገዝተን አንዷን ነቀልን። ትችላለች፣ ግን ሥራ ፈትታም ባትሪ ትበላለች። ኤሲ የተባለችው ከ100 ሜጋ ኸርዝ በላይ ዋስትና አላት፣ ዝም ስትል ደግሞ ምንም አትጠጣም ማለት ይቻላል። መርካቶ ውስጥ አንድ ሱቅ «74ኤሲ74» የተጻፈባቸው አምስት አይሲዎች አገኘሁና ተደስቼ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ሥራ ሳልሰጣቸው በቴስተር ስለካቸው እያንዳንዳቸው አራት ሚሊ አምፔር ያህል ይስባሉ። ይህ የኤሲ ጠባይ አይደለም፣ የኤልኤስ ነው። አንዱ ቦታ ላይ የቀድሞ ጽሑፋቸው ተፍቆ አዲስ ስም ተጽፎባቸዋል። ባንክ ስገባ መጀመሪያ የተመደብኩት ፊርማ ማመሳከር ላይ ነበር፤ የዚያን ቀን ሥራዬ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ሻጩን አልወቅስም፤ እሱም ከሌላ ሰው ተቀብሎ ነው የሸጠው። እውነተኛዋን እንደገና ከዱባይ ጠብቄ ሁለት ወር አለፈ። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ አባዬ የበሩን መንኳኳት አንድ ጊዜ አልሰሙም።

እውነተኛዋ ኤሲ መጣች፣ ተተካች፣ ሙቀት አልበገራትም። አሁን ግን ሌላ ችግር ተፈጠረ። ማዳመጫው ውስጥ ሲሲታና ፉጨት ሞላ። ኤሲ ከዜሮ ወደ አምስት ቮልት የምትዘለው በአንድ ሁለት ናኖ ሰከንድ ነው፤ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ዝላይ ኃይሉን በአያሌ ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ይረጫል። በየዝላይዋም ከኃይል መስመሩ ድንገት የምትጎርሰው ኤሌክትሪክ በቀጫጭኖቹ ሽቦዎቼ ላይ የመሬት መስመሩን ራሱን ያናውጠዋል። ልሰማበት የገዛኋት አይሲ ራሷ ትንሽ አስተላላፊ ጣቢያ ሆነች። አባዬ ማዳመጫውን አድርገው ትንሽ ቆዩና «ይቺ ደግሞ እንግዳ ሳይናገር ታወራለች» አሉ።

የአዋቂዎቹ ምክር፣ ሥራውን ከሚችሉት መካከል ቀርፋፋዋን ምረጥ የሚል ነው። በእኔ እጅ ግን ከምትዘገየውና ከምትለፈልፈው መካከል ሌላ አልነበረም፤ ስለዚህ ለፍላፊዋን ጠባይ ማስተማር ግድ ሆነ። ሥሩ በሙሉ መዳብ የሆነ ቦርድ ቆርጬ ሽቦዎቹን አሳጠርኩ። አንድ 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ከኃይል እግሯ ሥር፣ ጥፍር በማይገባበት ቅርበት በየድኩ፤ ጉርሻዋን ከሩቅ ሳይሆን ከአፏ ሥር እንድታገኝ። በመውጫዎቿ ላይ ትንንሽ ሬዚስተሮች አስገባሁ። ከሁሉ የጠቀመው ግን አባዬ የጠየቁት ጥያቄ ነው፤ «አምስት ቮልት ግድ ነው?»

ግድ አልነበረም። ኤሲ ከሁለት እስከ ስድስት ቮልት ትሠራለች። የፍሪኩዌንሲ ማመንጫዬ የሚሰጠው 3.3 ቮልት ነው፤ በአምስት ቮልት የምትሠራ ኤሲ ደግሞ «አዎ» የሚለውን ምልክት በእርግጠኝነት ለመቀበል 3.5 ትፈልጋለች፤ እስከዚያ ድረስ ሁለቱን በካፓሲተርና በሬዚስተር አስታርቄ ነበር የማኖራቸው። ሁሉንም በ3.3 ሳደርገው አስታራቂው ቀረ፣ ኤሲ ትንሽ ረጋ አለች፣ ዝላይዋ አጠረ። ፍጥነቷ ቢቀንስም ከ56.4 ገና እጅግ ሩቅ ናት። ኤችሲን እዚህ ቮልት ላይ ባወርዳት ኖሮ ጭራሽ ትተኛ ነበር።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲል፣ የሰፈራችን መብራት ጠፋ። ጎረቤት ሁሉ ሲያማርር እኔ ሮጬ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። የአምፖሉ፣ የቴሌቪዥኑ፣ የስልክ ቻርጀሩ ጫጫታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሰማዩ ላይ ተነሥቷል፤ የእኔ መቀበያ ደግሞ በባትሪ ይሠራል። ሁለት ማዳመጫ ሰካሁ፤ አንዱን ለአባዬ፣ አንዱን ለራሴ። ድምፁን ወደ 600 ኸርዝ አወረድኩላቸው።

መጀመሪያ ሩቅ የሆነ ነገር አለፈ፣ እኔ አልለየሁትም። ቀጥሎ ዝምታ። ከዚያ ድንገት ጠንካራ ምልክት መጣ፣ የአባቴም እጅ ተንቀሳቀሰ። ከቢሮ ያመጣሁት የተሰረዘ ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያላረፈ በሚመስል ፍጥነት ፊደላቱን ጻፉ። ዜድ። ኤስ። የቀሩትንም።

«ደቡብ አፍሪካ አይደለም?»

«ነው አባዬ።»

«በእኛ ጊዜ ከእነዚህ ጋር ንግግር አልነበረንም» ብለው ሳቅ አሉ።

ሰረዞቹ ተከተሉ። የመጀመሪያዋ ጥርት ብላ፣ ሁለተኛዋ ቀጥና። ከዚያ ለእኔ ሹሹታ ብቻ ሆነ። ቀና ስል አባቴ ሦስት ጣት አንሥተዋል።

«ሁለት ናት» አልኳቸው።

«ሦስት ናት። አንተ የምትሰማው ድምፁን ነው፤ ጫጫታው ውስጥ ቦታዋን ጠብቃት፣ መምጫዋን ታውቀው የለም?» ደረሰኙን አስተካከሉ፣ እርሳሱን እንደያዙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቆይ፣ ተራው ተመልሶ ይደርሳል። አራተኛዋንም እንያት።»

ከውጭ የልጆች ጨዋታ ይሰማል። መብራቱ እንዳይመጣ በልቤ እየለመንኩ ሦስት ደቂቃ ጠበቅን።